የገጣሚው እጅ

የማዘጋጃ ቤቱን የድንጋይ ደረጃ ወጥታችሁ፣
በስተቀኝ ብትዞሩ፣ ቶርካቶ ያያችኋል ቀድሟችሁ፤
ጥቁር ኮት፣ የወየበ ሻርፕ፣ ሳቅ የጀመረ ከንፈር፣
ከኋላው በመስኮት የሳዶ ወንዝ፣ ጀልባ፣ የጭስ ክር።

እኔ ከሥሩ ነኝ፣ ወንበሬ ከግራ፤
ማዕረጌ ጠባቂ፣ ደመወዜ ተራ።
«አትንኩ» እላለሁ፤ «ብልጭታ ክልክል ነው» እላለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ከአንድ ሰው እግር ሥር ውያለሁ።

ቅኔውን ለቤተ መንግሥት አልሸጠ፤
ለመረብ ጠጋኙ ሰጠ፣
ለጨው ዛቂው ሰጠ፣
በሰርዲን ፋብሪካ ቆመው ክዳን መምታት ለሆነ ዕጣቸው፣
ስማቸውን ከደመወዝ መዝገብ በቀር ማንም ለማያነሣላቸው።

ያኔ በሴቱባል ፋብሪካ ሁሉ የየራሱ ፉጨት ነበረው፤
ሌሊት ጀልባ ሲገባ ሴቶቹን ከአልጋ የሚጠራው።
«ይሄ የእነሱ ነው፣ ተኚ።» «ይሄ የኛ ነው፣ ተነሺ፣
ሻርፕሽን ደርቢ፣ ልጁን ለጎረቤት አድርሺ።»
ቶርካቶ ያን ፉጨት ሰምቶ ከግጥሙ ቤት አስገባው፤
ዜማ ነው አለ፤ ጋዜጣው ግን ጩኸት ነው ብሎ አወገዘው።

ትናንት አንድ ምሁር ከሊዝበን ተማሪ አስከትሎ መጣ፤
መነጽሩን ጠርጎ፣ ጉሮሮውን ስሎ፣ እንዲህ ሲል ቃል አወጣ፦
«ፊቱን ተዉት፤ ፊት ይዋሻል። እጁን እዩ!
የብዕሩን አያያዝ፣ አጨባበጡን ለዩ።
ይህች ከአውራ ጣቱ ሥር ያለች ጠባሳ፣
የእስር ቤት ናት ይላሉ፤ ብረት የነከሳት አንሳ።»
ተማሪዎቹ ጻፉ።
እኔ መሐረቤን አፌ ላይ ያዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሠዓሊው ባልታዛር ፊቱን ጨርሶ፣ ኮቱን ጨርሶ፣
እጁ ጋ ሲደርስ፣ በመጋቢት ብርድ፣ ገጣሚው ሳንባው ፈርሶ
ሞተ።
ከእጅጌው ጫፍ ወዲህ ሁለት ነጭ ባዶ፣
ምረቃው ቀን ተቆርጦለት፣ ክፍያው በቅድሚያ ተበልቶ፣ ተካዶ።
የከንቲባውን ጸሐፊ እጅ ሞከረ፤ እንደ ሊጥ ለሰለሰበት፤
የራሱን በመስተዋት ሞከረ፤ ግራው ቀኝ ሆኖ ተገለበጠበት።
አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከፋብሪካው በር፣
እናቴን አያት፣ ሊዮካዲያን፣ ዳቦ ስትቆርስ ከአጥር ሥር።

መጀመሪያ ተቆጣች፤ «እጅ ደግሞ ይከራያል?»
ኋላ የወተት ዕዳ አሰበች፤ ዕዳ ደግሞ ያስታርቃል።
ለሦስት እሑድ በሎሚ እየታጠበች ሄደች፣
«የዓሣ ሽታ አይለቅም» ብላ አስቀድማ ይቅርታ ጠየቀች።

ብዕር ሲያስይዛት፣ እንደ ዓሣ ቢላዋ ጨበጠችው፣
ሆድ እንደምትቀድ፣ ጫፉን ወደ ታች አዘነበለችው።
«እንዲህ አይደለም» አለ ባልታዛር። ዝም አለ። ብዙ አየ።
«ተይው፣ እንዲሁ ይሁን» አለ፤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና መሳል ቀጠለ።

ከዚያ በፊት በዕድሜዋ ብዕር ይዛ አታውቅም፤
ደመወዟን የምትፈርመው በጣቷ ነበር፣ በቀለም።
ጠባሳዋም የቆርቆሮ ክዳን ናት፤ በነሐሴ፣ የሥራ ብዛት፣
ጨርቅ ጠቅልላባት፣ እስኪመሽ ሠርታባት።

በሦስተኛው እሑድ፣ «ይሄ ሰው ስለኛ ምን አለ?» አለችው፤
ብሩሹን አስቀምጦ፣ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ አነበበላት፣ አደመጠችው።
«አልዋሸም» አለች።
«ሽታውን ግን ረስቶታል።»

ሥዕሉን ያየችው አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ ሥራ የገባሁ ሳምንት፤
በዚህ ደረጃ ሁለቴ ዐርፋ ወጣች፣ እጇን ሸሽጋ በሽርጥ ውስጥ ከሰው ፊት።
አየች፣ አየች፤ «ጥፍሬን አሳምሮታል» አለች፤
ለአውቶቡስ ሳንቲም ጠይቃኝ ወረደች።

ምሁሩ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ፣ «መውጫው በየት ነው?» አለኝ፤
ከወንበሬ ሳልነሣ በእጄ አሳየሁት፤ «አመሰግናለሁ» አለኝ።
አውራ ጣቴ የእርሷ ነው፤ ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ከጫፉ ጎበጥ ያለ፣
ከሸራው ሁለት ክንድ ርቆ፣ በዚያው ብርሃን የዋለ።
እርሱ ግን በሩን ነበር የሚያየው።