የጓሮው ክፍል

ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ስገባ፣ ስወጣ፣
ከእጄ ግን አንድም ክፍል ሳይወጣ፣
ጡረታዬ ደረሰ። ጠመኔዬን አራገፍኩ፣
ሄርማታ ወርጄ ሁለት ኪሎ ሚስማር ሸመትኩ።

ከአቮካዶው ጀርባ፣ ጎመን ከነበረበት፣
ስምንት የባሕር ዛፍ ቋሚ አስወረድኩበት።
እግራቸውን የተቃጠለ ዘይት አጠጣሁ፣
ምስጥ ይምረረው ብዬ፤ ቀሚሴን በዚያው አጣሁ።

ረውዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።
«ለኪራይ ነው?»
«አይደለም።»
«ለዶሮ?»
«አይደለም።»
«ታዲያ ለምን?» ብላ መልሱን ትታ ሄደች።

ለምን እንደሆነ እኔም ገና አላወቅሁትም፤
ለዕቃ ነው እንዳልል፣ የሚቀመጥ ዕቃ የለኝም።
ብቻ አንድ በር እፈልጋለሁ፣ ከውስጥ የሚዘጋ፣
ደወል የማይደወልበት፣ ቢመሽም ቢነጋ።

ካስማ ተከልኩ፣ ሲባጎ ወጠርኩ፣
ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብዬ ለካሁ፣ ቆጠርኩ።
ሰሌዳ ላይ ዕድሜ ልኩን ቀጥ ብሎ የታዘዘኝ
ያ ማዕዘን አፈር ሲነካ አላግጦ አፈዘዘኝ።
ሰሌዳው ጉብታ የለው፣ ሰሌዳው ሥር የለው፤
የአቮካዶው ሥር ግን ሲባጎዬን ገፍቶ ጣለው።

ነዚፍ አናጺው መጣ፣ ሜትሩን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ፤
የዘጠነኛ ክፍል ውጤቱ ታየኝ፣ ሠላሳ ስምንት፣ በቀይ ተከልሎ።
ምንም ሳይነካ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣
ዓይኑን አጥብቦ ማዕዘኔን አየ፤ ከንፈሩን መጠጠ።
«ቲቸር፣ ከጥግ እስከ ጥግ ለክተው ሁለቱን ያስማሙ፤
እኩል ከሆኑ ይተዉት። ካልሆኑ ግን ይድገሙ።»

ይደገም! ስንቴ ጻፍኩበት፣ ደብተሩ ኅዳግ ላይ፤
እሱ ሳቁን ዋጠ፣ አቮካዶ የሚቆጥር መስሎ ሲያይ።
ደገምኩ። በሦስተኛው የአራት ጣት ስሕተት ቀረ፤
በአምስተኛው ሁለቱም ሰያፍ አንድ ቁጥር ተናገረ።

መስኮቱ ከድሮው ትምህርት ቤት ነው፣ ብሎኩ ሲፈርስ የገዛሁት፤
መስታወቱ ላይ «ሄ» የሚል ጭረት አለ፣ የማን እንደሆነ ያልጠየቅሁት።

ቆርቆሮው ተመታ። ቀረ ግድግዳው።
የግራቪሊያውን ጣውላ ከላይ ወደ ታች ለበጥኩት፣
እንደ ገጽ መስሎኝ፣ ከራስጌው ጀምሬ ያነበብኩት።
የታችኛው በላይኛው ላይ ተደርቦ፣
አፉን ወደ ሰማይ ከፈተ፣ እንደ ጫጩት ተርቦ።

በሌሊት የጅማ ዝናብ መጣ፤ ሲመጣ ማን ሊያውቀው፣
ከጅሬን ኮረብታ ተነሥቶ ያዘለውን ለቀቀው።
ጠዋት ወለሌ ኩሬ፤ እንቁራሪት ኩሬው ዳር ላይ።
ረውዳ በአጥሩ ብቅ ብላ፦ «ይኸው፣ ገባልሽ ተከራይ!»

ነዚፍ አልተናገረም። ዶሮዋን በጣቱ አሳየኝ፣
ላባዋ ከላይ ላዩ ወርዶ፣ ደረቅ ቆማ ስታየኝ።

ሚስማሩን ነቀልኩ፣ የጎበጠውን በድንጋይ ቀጠቀጥኩ፤
ከታች፣ ከአፈር አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ፣ ሀ ብዬ ለበጥኩ።
እያንዳንዱ ጣውላ የበታቹን ትከሻ አቀፈ፤
ሁለቴ አውራ ጣቴን መታሁ፣ ጥፍሬ ጠቆረና ረገፈ።

«ነዚፍ» አልኩት ሲያልቅ፣ «ስንት ትሰጠኛለህ ከመቶ?»
«እኔ አላርምም» አለ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ መልሶ ሰክቶ።
«የሚያርመው ዝናብ ነው።»

አራሚው ማክሰኞ ማታ መጣ። በሩን ዘግቼ ጠበቅሁት፤
ባዶ የቀለም ጣሳ ደፍቼ እንደ ወንበር ተጠቀምሁት።
ሲወርድ ሰማሁት፣ ከጣውላ ጣውላ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ገጽ በገጽ ሲገልጠኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።
ግድግዳው ደረቅ። ወለሉ ደረቅ። በእጄ ዳሰስኩ፣ ዳሰስኩ፣
የመስኮቱ ጥግ ደረስኩ።

እዚያች ቸኩዬ የቆረጥኳት ላይ፣ አንዲት ውሃ አበጠች፣
ተንጠለጠለች፣
ነጠበች።

አንድ ነጥብ። «ዘጠና ዘጠኝ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ደግማ ነጠበች።