ሁለት ስንዝር መስታወት

ማክሰኞ ማለዳ፣ ካፊያው ሳያባራ፣
መሬሪድ መጣች፣ ዣንጥላ በአንድ እጇ፣ ሜትር ይዛ አብራ፤
"ኢድዋል፣ ሥራ አለኝ፣ የግማሽ ቀን ሥራ።
የወጣቶች ክፍል፣ ያ ወፍራም የኦክ በር፣
በደረት ከፍታ ይቀደድ፣ ይሰርሰር፤
ሁለት ስንዝር ቁመት፣ ወርዱ አንድ ስንዝር።
መስታወት ግጠምበት፣ ጥርት ያለ፣ ቀለም ያልተቀባ፣
በኮሪደር ያለፈ ሁሉ ዓይኑ እንዲገባ።"

ዋጋ አልጠየቅኳትም። መጋዜን አነሣሁ፣
እርሳሴን ይዤ ወጣሁ፤ ኮቴን ግን ረሳሁ።

ከተማችን ትንሽ ናት፣ በሰሜን ዌልስ ጥግ፣ ጥቁር ድንጋይ ክዳን የደፋች፣
የካባው ተራራ ያጠላባት፣ ከሰዓት በፊት የምትመሽ የመሰለች።
ሰው ሁሉ ዘመድ ነው፤ ስሙ ከሥራው ጋር ይጠራል፣
ኤልቬድ ዳቦ፣ ሀወል ፖስታ፤ እኔም ኢድዋል እንጨት እባላል።
ስለዚህ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ወር ሙሉ ሲሟገቷት፣
"እንተዋወቃለን እኮ!" ነበር ያሏት።
"የማን ልጅ ከማን ቤት፣ ማን ከማን እንደ ዋለ፣
እዚህ የማይታወቅ ማን አለ?
በር መብሳት ስድብ ነው፣ በነጻ ለሚያገለግል ሰው፤
በጎች እረኛውን ከጠረጠሩ ማን ሊጠብቃቸው?"

እሷ ግን ድምጿን ሳታነሣ፣ ሹራቧን እየቆለፈች፣
"ለማያውቁት ሰው ማን በር ይከፍታል?" አለች።
"የሚሰብር ሌባ ነው፤ የታወቀ ሰው ይገባል በሰላምታ፣
ብስኩት ቀርቦለት፣ ሻይ ተቀድቶለት፣ ወንበር ተለቅቆለት በደስታ።
ማንንም አልከሰስኩ። መስታወት ነው የጠየቅኩ፤
ለልጁ መከታ፣ ለደጉም ምስክር እንዲሆን ነው የደከምኩ።"

ደንቧን ከሻይ ማፍያው በላይ ለጥፋዋለች። አንዱ መስመር፣
"አንድ ልጅ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ብቻውን በመኪና አይሄድም" ይላል፤
ከሥሩ በሌላ ቀለም "ዝናብ ቢሆንስ?" ብሎ አንዱ ጠይቋል፤
እሷም፣ "ዝናብም ቢሆን።"
እዚህ አገር ዝናብ መቼ አባርቶ ያውቃል?

በሩ ፊት ቆምኩ። ቆሜ ቀረሁ።
ይህን በር ከውጭ አይደለም የማውቀው።
ከውስጥ ነው።
አሥራ አንድ ዓመቴ። ከሌሎቹ ቀደም ብዬ እንድመጣ፣ መዝሙር ሊያስጠናኝ።
ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ፣
ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።
ከበሩ መሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ የዓሣ ራስ የመሰለ ጉጥ አለ፣
ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ልክ ከዓይኑ ትይዩ የዋለ።
እሱን ነው ያየሁት። እሱን ብቻ። ሌላው እስኪያልፍ።

ለእናቴ ነገርኳት፤ ሳህን ታጥብ ነበር።
"በመጋቢ ላይ እንዲህ አይወራም" አለች፣
እጇን አደረቀች፣ ሬዲዮ ከፈተች።
ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ስሙ በነሐስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ አለ።
ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።
ተከፍሎኛል።

መጋዙ ሲገባ እንጨቱ ጮኸ። መስመሬን ሦስት ጣት
ወደ ግራ ገፍቼው ነበር፣ ጉጡ እንዲወድቅበት።
መሬሪድ ሜትሯን ዘረጋች። "መሃል አይደለም" አለች።
"አይደለም" አልኩ።
ረጅም አየችኝ። አልጠየቀችኝም፤ መጋዝ ብናኙን ከእጅጌዬ አራገፈች።
"ሐሙስ ማታ ቢሮ አለሁ" አለች፣ "ኢድዋል፣
ለስልሳ ዓመት ልጅም የሚሆን ወንበር ይገኛል።"

ዓርብ ልጆቹ መጡ፤ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ጩኸት፣ የእርጥብ ካልሲ ሽታ፤
ማክሰን የሚሉት አፍንጫውን ለጥፎ መስታወቱን በትንፋሹ አለበሰው ላፍታ፣
ቀንድ ያለው ፊት ሳለበት፣ የኔን ፊት ሳይሆን አይቀርም፣ ሳቀና ሮጠ በተርታ።
"ስድብ ነው" ያሉት ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ሲያልፉ፣
ቆም ብለው ልጆቹን ቆጠሩና ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ።

ያችን ቁራጭ፣ ጉጥ ያለባትን፣ ምድጃ ውስጥ አልጨመርኳት፤
ሦስት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ በአውራ ጣቴ ዳሰስኳት።
ለሐሙስ ስድስት ቀን ቀርቶታል።
ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።
ምናልባት ጠረጴዛዋ ላይ አኖራታለሁ፣
"ይህቺ ናት" እላለሁ።