ሌባ ጣት

ከሰዓት ነው፣ ኮምቦልቻ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፤
ከቦርከና ማዶ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ያጓራል፣ ያልፋል።
ጠረጴዛው ላይ ጥቁር መነጽር፣ አራት ዓይን በግንባሩ፣
መጨበጫ የለው፣ ቁልፍ የለው፤ እጅ ማየት ነው ምግባሩ።

«ጣትህን ዘርጋ» ይላል። ትዘረጋለህ። ያይሃል።
አውራና ሌባ ጣትህ ሲነካኩ «ቆነጠጠ» ብሎ ይጽፍልሃል።
የቆነጠጥከው ይነሣል፣ የለቀቅኸው ይወድቃል፤
ለአዲስ ፈታይ፣ ማሽን ሳይነካ፣ ማሽን ያስለምዳል።

ስድስት ወር ለፋሁበት። ቀሰሙን አንድ በአንድ ሠርቼ፣
የክሩን ጭራ፣ የዘይቱን እድፍ፣ የመዘውሩን ጥርስ አብርቼ።
አለቃዬ «የሚያውቅ ይየው» አለ፣ «ይንገረን ጉድለቱን»፤
እትዬ ጦይባ ሙሄን ጠራን፣ ሠላሳ ዓመት የፈተሉቱን።

እጃቸውን ከሻሻቸው ሥር አወጡ። ቀኙ ሦስት ጣት ብቻ ነው።
«ሌባ ጣቴን ሌባ ወሰደው» አሉ፣ «መሐሉም ጎረቤት ነውና ተከተለው።»
ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም፤ ኮዱን ነበር ያሰብሁት መጀመሪያ፤
ይህን እጅ ምን ብሎ ያነበዋል? ምን አለው ማሟያ?

መነጽሩን አጠለቅሁላቸው። እኔ በስክሪኑ እከተላለሁ።
እጃቸው ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል፣
በነፋስ ቀን እንዳለ አምፖል።
ካሜራው ይፈልጋል፣ ያመነታል፣
ከዚያ፣ እጅ ማለት አምስት ነው ብሎ ነውና የተማረው፣
የሌለውን ሌባ ጣት፣ የሌለውን መሐል፣ ከግምቱ ሣለው።

ዝም አሉ።
ማራገቢያው ብቻ ይዞራል።
«ኧረ አላህዬ» የሚል ነገር ከጉሮሯቸው ግማሹ ወጣ፤
አጥፈው ዘረጉ፤ ግራጫው ጣት ታዘዘ፣ መጣ።

ክሩን በጠስሁባቸው፣ ሆን ብዬ፣ ለፈተና፤
ሳያዩት ያዙ፣ ጠመዘዙ፣ ቀጠሉት፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ገና።
ሠላሳ ዓመት ያደረበት እጅ፣ ሲጎድልም አልጎደለ፤
ጣቱ ሄደ እንጂ ሥራው ጉማጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር፣ አልተነቀለ።

«በቃ፣ ይውለቅ» ልል ስል፣ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ያዘ፤
አውራ ጣታቸው ከአንጓ አንጓ፣ ቀስ እያለ ተጓዘ።
ተስቢህ ነው።
በሦስት ጣት ሲቆጥሩ የኖሩት፣
ሲጎድል ከግራ እየተበደሩት፣
ዛሬ በቀኝ፣ በሙሉ እጅ፣ አንጓ ሳይዘሉ ቆጠሩት።

ማሽኑ ግን ስለ ተስቢህ ምን ያውቃል?
ጣት ጣትን ሲነካ «ቆነጠጠ» ነው የሚል።
እናም በያንዳንዱ ንክኪ፣ አንድ ቀሰም ከመደርደሪያው ተነሥቶ
ፊታቸው ይንሳፈፋል፤ ሲለቁት ይወድቃል።
ይነሣል። ይወድቃል።
ሠላሳ ሦስት ጊዜ።
ይህን ስህተት እስካሁን አላረምሁትም።

ሲያወልቁ እጃቸውን አላዩትም፤ ወደ ሻሻቸው መለሱት።
«ያምራል» አሉ። «ያ ትልቁ መዘውርስ፣ ይነክሳል ሲነኩት?»
«አይነክስም፣ እትዬ፤ እጅ ያልፍበታል፣ ጉም እንደሚያልፍ በጦሳ።»
«እንግዲያ ምን አስተማራችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይነሣ።
«ከቶ በደህና ማውጣት የለመደ ልጅ፣
ነገ ከእውነተኛው ፊት፣ ማን ይመልስለታል እጅ?»

መልስ አልነበረኝም። አበላቸውን በግራ ፈርመው ሄዱ።

ማታ ብቻዬን ቀረሁ። ጥርሱን ጥርስ አደረግሁት፤
የገባ ጣት እንዳይመለስ፣ በሁለት መስመር ጻፍሁት።
ራሴ ሞከርሁ። ሌባ ጣቴ ከመዘውሩ ሥር ጠፋ፤
ደም የለ፣ ሕመም የለ፤ ግን ወንበሩ ከሥሬ ተገፋ።

የመጨረሻውን ሚኒባስ ደረስሁበት። ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ
መስታወቱን ሸፈነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ በየሕልሙ።
በጨለማው ውስጥ አውራ ጣቴን፣
አንጓ በአንጓ ሲሄድ አገኘሁት።
ረዳቱ ትከሻዬን ነክቶ «ሒሳብ! የስንት ሰው?» ሲለኝ፣
«አምስት» አልሁት።