አለህ ወይ?

አውቶ ፓርኮ ሰፈር፣ ካባቴ ቤት ጓዳ፣
ከመጣሁ አራት ቀን፤ ሌሊቱ እንግዳ።
እግሬ ግን አልተኛም፤ ካልጋው ግርጌ ወድቆ
ሲሚንቶ ይረግጣል፣ ሠላሳውን ጠብቆ።

«ምንድን ነው የሚያንኳኳው?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።
«እግሬ ነው፣ አባ። ሥራ ላይ ሲቀመጥ
እንዲህ ነው ልማዱ።»
ጎንደር ሐዲድ የላት፤ ባቡር አላየ እሱ፤
በጣቴ ሣልኩለት ብርድ ልብሱ ላይ፣ ለራሱ፦

ከእግሬ ሥር ፔዳል አለ፣ ከፊቴ መብራት፤
ሠላሳ ሰከንድ ካለፈ እግሬ ሳይነካት፣
መብራቷ ትበራለች፤ ቀጥላ ትጮሃለች፤
ዝም ካልኳት ግን፣ እሷው ፍሬን ትይዛለች።
አርባ ፉርጎ ሙሉ፣ ስንዴና ማዳበሪያ፣
ቀጥ ይላል ከአዋሽ ማዶ፣ ከሌለበት ማደሪያ።
ጣሪያው ሰማንያ ነው፤ ከዚያ ካለፍኩማ
ትጮኽብኛለች፤ ጥቂት ስጨምርማ
ኃይሉን ትነጥቃለች፤ ልመናም አትሰማ።

ሳቀና ሳል ያዘው። ትራሱን አቃናሁ።
«መሪ የለው፤ ፍጥነቱም ያንተ አይደል፤ እሺ፣ ሰማሁ።
ታዲያ ማነው ሾፌር? እሷ ናት? አንተ ነህ?
ደሞዙን ለማን ነው የሚከፍሉት? ዝም አልህ?»

እሱ ሃያ ዓመት የነዳው ኤንትሬ፣
ሊማሊሞን ወርዶ፣ ከጎንደር እስከ ሽሬ።
ያኔ ገደብ ማለት ገደሉ ነበረ፤
ከገደሉ ያለፈ ገደቡን ተማረ።
ረዳቱ አዛናው፣ ጋቢ ተከናንቦ፣
ቆሎ እየቆረጠመ፣ እንቅልፉን አስርቦ፣
በየጠመዝማዛው «አስማረ፣ አለህ ወይ?»
«አለሁ!» ትንሽ ቆይቶ፣ «አለህ?» «አለሁ፣ አታይ?»

የጥጋቡ ረዳት ግን፣ ደባርቅ ላይ ወርዶ፣
ሰውዬው ብቻውን ሄደ፣ ቁልቁለቱን ለምዶ።
ማንም «አለህ?» አላለው።
ጠዋት መንገዱ ላይ የፍሬን ጭረት የለ፤
ተኝቶ ነው ያለፈው፣ ነቅቶ መች ታገለ።

ይኸን ነግሮኝ አያውቅም።
«እንግዲያ» አለ አባቴ፣ ኮርኒሱን እያየ፣
«ፔዳልህ አዛናው ነው፤ ስሙ ነው የተለየ።»

እሺ አልኩት። አንድ ነገር ግን ዋጥኩት፤
በሌሊት ጉዞ ላይ፣ አንድ ቀን ያየሁት፦
እግር ልማድ አለው፣ ያንቀላፋ እግር ይረግጣል፤
እሷ እግሬን ታውቃለች፤ እኔን ማን ያውቀኛል?
አዛናው ድምፅ ሰምቶ፣
የድምፁን ክብደት ለክቶ፣
«ውሸትህን ነው፣ አቁም!» ይል ነበር፣ ተቆጥቶ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ባጃጅ እንኳ የለም።
በትንፋሹ መሃል ክፍተቱ ረዘመ።
ቆጠርኩ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ...
እግሬ ቆመ። መብራት የለ፣ የለ ማስጠንቀቂያ።
«አባ፣ አለህ?»

ዝም።

«አለህ ወይ?»

ጣቱ ያልጋውን ጣውላ አንዴ ብቻ መታ።
«አለሁ አልኩህ» አለኝ፣ ድምፁ ወፍሮ፣ ለአፍታ፤
«ፍሬን እንዳትይዝ። ተኛ አሁን፣ በል፣ ጌታ።»