ኢድኩን

ከአውቶቡስ ጣቢያው ኋላ፣ ሱፍ ከሚቆላው ጎን
አንዲት ሱቅ አለችኝ፣ ስፋቷ ክንድ ተኩል ቢሆን።
ቀኑን እፈታለሁ፣ ቀኑን እገጥማለሁ፣
ከሰው መስታወት ላይ ጨው በጥጥ እጠርጋለሁ።
የአፉላ ሰው ሱፍ ፈልፍሎ ጣቱን መች ያብሳል፣
ልጣጩን ከቻርጀሩ ቀዳዳ ማን ይለቅምለታል?

ማክሰኞ ሌሊት ኢድኩን ወረደ፣
አፕዴት የምትሉት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ቤት ለቤት ሄደ።
ረቡዕ ጧት ስከፍት ሁለት ሰው ከደጄ፣
ሁለቱም ታብሌት ይዘው፣ የሸጥኩላቸው በእጄ፤
አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ ባንድ ቀን የተሸጡ፣
ቁጥራቸው ተከታትሎ ካንድ ካርቶን የወጡ።

አቶ ደሴ ቀደሙ፦ «ተባረክ፣ ይኼ ነገር በረረ!
ጣቴን ገና ሳነሳ ያሰብኩትን ጀመረ።
ዜናው ብልጭ፣ አየሩ ብልጭ፣ መጠበቅ የለም፤
ዛሬ ጭልፊት ነው ልጄ፣ የትናንቱ ኤሊ አይደለም።»

ወይዘሮ ገቢያነሽ ከነጠላቸው ፈትተው አወጡት፣
እንደታመመ ሕፃን ከጠረጴዛዬ አስተኙት።
«ገደላችሁት» አሉኝ። «ማታ ደህና አምሽቶ
ጧት ይኸው ያዛጋል፣ ዓይኑን ገልጦ፣ አፉን ከፍቶ።
ይቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ዝም ብላ ትዞራለች፣
እህል ያለቀበት አውድማ ላይ የቀረች በሬ ሆነች።»

«አይሆንም!» አሉ ደሴ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን እኩል ነካናቸው።
የደሴ ተከፈተ። ተዘጋ። ደግሞ ተከፈተ።
የገቢያነሽ ክቡን እያዞረ እዚያው ሰነበተ።
ነርሷ ሊያት ቻርጀር ልትገዛ ቆማ ነበር ከኋላ፤
«የኔ ያው ነው» ብላ ሄደች፣ ለማንም ሳታዳላ።

ሆዱን ከፍቼ አየሁት፤ ጢም ብሎ ሞልቷል፣
አዲሱ ሥርዓት ሲገባ መቆሚያ አጥቷል።
ሦስት ሺህ የድምፅ መልእክት፣ አንድም ያልተሰረዘ፣
አራት ዓመት ሙሉ ከጎንደር ወዲህ የተጓዘ።
እህታቸው ናት፤ እዚያው ተራ ስትጠብቅ፣
«ስሜ ወጣ ወይ?» እያለች በየሳምንቱ የምትጠይቅ።
አንዱ የልጇ ሳል ነው። አንዱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ።
አንዱ «ደህና አደርሽ ወይ?»
አንዱማ ስድስት ደቂቃ ማንም አይናገርበት፤
መቅጃው ሳይጠፋ ኪሷ ገብቶ፣ የእግሯ ኮቴ ብቻ አለበት።

«እነዚህን ባጠፋቸው» አልኩ፣ «እንደሳቸው ይሮጣል።»
ቀና ብለው አዩኝ፦ «እሷን አጥፍቼስ ልጄ፣ ወዴት ይሮጥልኛል?»

ያን ጊዜ የደሴን ከፈትኩ፤ ባልከፍተው በወደድኩ።
መልእክት የለም። ስም የለም። ዝቅ ብዬ ፈለግኩ።
አንድ ፎቶ ብቻ፣ ደብዛዛ፣ በስሕተት ያነሱት፣
የገዛ አውራ ጣታቸው ናት፣ መብራት ያረፈባት።
ባዶ ቤት ውስጥ ሩጫን ምን ያግደዋል?
ማየቴን አዩ ደሴ። «ፈጣን ነው» አሉ ቀስ ብለው፤
ብብታቸው ሥር ከተው ወጡ፣ ስንብት ረስተው።

ሐሙስ ተመለሱ። «የኔም ታመመ» አሉ፣ «ዘገየብኝ።»
ነካሁት። ጣቴ ሳያርፍ ተከፈተልኝ።
ገቢያነሽ ከወንበሩ ላይ ነበሩ፣ ካርድ ገዝተው፣
የእህታቸውን ድምፅ ወደዚያ ስናሻግር ቁጭ ብለው።
«ስንት ይፈጃል?» አሉ ደሴ።
«የሳቸው ሦስት ሰዓት።»
«የኔስ?»
ምን ልበል?
«የርስዎ... ይበልጣል።»

ሱፍ ገዝተው ገቡ፣ በጋዜጣ ላይ ዘረገፉት።
ክቧ ትዞራለች። ከታብሌቱ የአንዲት ሴት ሳቅ ወጣ ድንገት፣
ከኋላዋ ዶሮ፣ የሚዘጋ በር፤
የደሴ ጣት ካንዲት ፍሬ ጋር አየር ላይ ቀረ።
«ማን ናት?» አሉ።
ገቢያነሽ ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ ከልጅነቷ።

እኔም የጤነኛውን ታብሌት ብሎን በብሎን ፈታሁት፣
እስኪመሽ ድረስ በሽታ ፈለግሁለት።