እህል ውሃ

ወፍራ ላይ ነው፣ በኩዌት ደቡብ፣ ከቲማቲሙ ቤት ኋላ፤
ስልሳ እርምጃ የማትሞላ
አንዲት ኩሬ ቆፈርን፣ ከስሯ ጥቁር ላስቲክ አነጠፍን፣
ጨው ጨው የሚለውን የጉድጓድ ውሃ በሞተር ስበን አጎረፍን።

"ጥልቅ አታድርጋት" አለኝ አቡ መሻሪ፣ "እስከ ጉልበት ይበቃል፤
ዳክዬ ቂጡን ሰቅሎ በመንቁሩ ጭቃ መንካት ይወዳል።"
አዋቂ ነው። ሰባ አልፎታል። አንድ ዓይኑ ሞራ ለብሷል፤
በቀረው ግን ሰማዩን እንደ ደብዳቤ ያነብባል።

ከእሱ ተማርኩ፦ ገብሱ ይዘፈዘፋል ሁለት ሌሊት፣
ከዚያ በእፍኝ በእፍኝ ይበተናል ከዳሩ፣ ሲል ማታ ሐሙስ ዕለት።
ሸምበቆው በአንድ ወገን ብቻ፣ በሌላው ወገን ሜዳ፤
ከሰማይ የሚያይ ፍጥረት አይወድም የተደፈነ ጓዳ።
የፕላስቲኮቹን ዳክዬዎች በሲባጎና በእርሳስ እሰራቸው፣
ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙራቸው፣
ገሚሱን የራበው፣ ገሚሱን የጠገበ አስመስላቸው።
መሀሉን ግን ባዶ ተወው። እንግዳ የሚያርፈው
ቦታ ሲያይ ነው እንጂ ዘመድ ስላየ ብቻ አይደለም።
"ባዶው ነው የሚገድላቸው" አለኝ። ሳቀም፣ አልሳቀም።

እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝ፣ የዓሣ አስጋሪው የቱፋ ልጅ፤
እነዚህን ወፎች አውቃቸዋለሁ። በኅዳር ከደንገሉ ደጅ
አርፈው መረባችንን ያምሱ ነበር። አባቴ በመቅዘፊያው ውሃውን ሲመታባቸው
ብድግ ይሉና ደግሞ ይመለሳሉ። ማን ጠርቷቸው?
እህል ውሃ ነው፣ ይላል አባቴ። ሰውም ወፍም የሚሄደው
እህል ውሃው ወደ ጠራው ነው።

እዚህ ግን እህሉን የምበትነው እኔ፣
ውሃውንም የምስበው እኔ።

ደላላው ሸምሱ ከዓሣ ገበያው በር ላይ ወንበር አውጥቶ
ከባሕሬን የተመለሰ አንድ ልጅ አስቀምጦ ነበር፣ ነጭ ጫማ ገዝቶ።
ልጁ ቀኑን ሙሉ ሚሪንዳ ይጠጣል እንጂ አይናገርም።
ከጎኑ ሌላ ወንበር ነበረ፣ ባዶ። ማንም አልተቀመጠበትም፣
እኔ እስክመጣ።

በመጀመሪያው ዓርብ ሹል ጭራዎቹ መጡ። እስኪበሉ ጠበቋቸው።
አሥራ አንድ ወደቁ። ቡችሎቹ ጥይት ቀፎዎች እንደሞቁ ነበሩ ሳነሳቸው።
ከዚያ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ወፎቹን ለቀምኩ፤
ከአንዷ መንቁር መዳፌ ላይ ጥቂት ፍሬ ፈሰሰ፣
ያበጠ፣ ሁለት ሌሊት ያደረ። ገብሱን አወቅኩ።

በሁለተኛው ዓርብ ጎህ ሳይቀድ፣ እንግዶቹ ከድንኳናቸው ሳይወጡ፣
አንገቷ የተሰበረ አንዲት ፕላስቲክ ነበረች፣ ከመጋዘን ከቀረው ዕጣቢ ውስጡ፤
አውጥቼ ከባዶው ቦታ መሀል አሰርኳት።
ለምን? እንጃ። አላሰብኩበትም። ብቻ አሰርኳት።

ሰማዩ ገረጣ። ፉጨታቸው ከላይ ተሰማ። አንዴ ዞሩ፣
ሁለቴ ዞሩ፣ እግራቸውን ዘርግተው ክንፋቸውን ለማረፍ ገተሩ፣
ደግሞ ሰበሰቡት። ወደ ደቡብ እየሳሱ፣ እየሳሱ፣
እንደ ተበተነ ፊደል ከዓይን ተደመሰሱ።

አቡ መሻሪ በደኅናው ዓይኑ ሸኛቸው። ቀጥሎ ኩሬዋን አየ፣ ረጅም አየ።
"ነፋሱ ነው" አለ ለእንግዶቹ። ጠመንጃውን ከፍቶ ጥይቱን ለየ።
በአጠገቤ ሲያልፍ ግን፣ "ለዓርብ ነፋሱ ይስተካከላል፣ አይደል?" አለኝ ዝቅ ብሎ፤
የሁለት ወር ደመወዜ እሱ ዘንድ ነው። "ኢንሻአላህ" አልኩት ቶሎ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ገብሱን ዘፍዝፌያለሁ።
ከኩሬዋ ዳር ቆሜ፣ የተሰበረችውን በእጄ ይዣለሁ።