የጉልላቱ ሰባተኛ

አዛናው ከቋራ፣ ሰሊጥ ጭኖ ሲመጣ፣
ከጋቢናው ስር፣ ጭድ የሞላ ሣጥን አወጣ፤
ሰባት የሰጎን እንቁላል፣ በአደራ ጠብቆ እዚህ ድረስ፣
ለጉልላት ያዘዝኩት፣ ለአንገረብ ማዶው መቅደስ።

እኔ ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ፤ ጣራ እንጂ ወፍ አላውቅም፤
ስድስቱን በስቼ አፈሰስኩ፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም፤
ሰባተኛውን ሳነሣ፣ ከውስጥ አንኳኳ በዝግታ፣
አንዴ፣ ቆይቶም አንዴ፣ እንደመሸበት እንግዳ ማታ።

መሰርሰሪያዬን አስቀመጥኩ።

(ስድስቱ ከጎጆ ዳር የተተዉ ነበሩ፤
ይሄን ከመሃል ማንሣቱን አዛናው ኋላ አመነ።)

መሪጌታ ይሉ ነበር፦ «ሰጎን እንቁላል አትታቀፍም፤
በዓይኗ ነው የምትፈለፍል፤ ዓይኗን ካነሣች አይተርፍም።»
አዛናው ደግሞ፦ «እኔ እንዳየሁት፣ ቀን ሴቷ ትተኛለች፤
ማታ ጥቁሩ አባት ይተካል፣ እሷ ልትግጥ ትሄዳለች።»

ሁለቱንም አመንኩ።
በጋቢ ጠቅልዬ፣ ከመበየጃው ከሰል አጠገብ አኖርኩ፤
እንደ አባት አቀፍኩት፣ እንደ እናት ዓይኔን ሳልነቅል አደርኩ።
እንጉዳይ ሚስቴ «አበድክ እንዴ?» አለች፤
ከዚያ ሁለተኛ ጋቢ ደረበች።

በሦስተኛው ንጋት ቅርፊቱ ጮኸ።
መብሻ ጥርስ የለውም፣ እንደ ዶሮ ጫጩት፤
በማጅራት ገፋ፣ በእግር ረገጠ፤ ግማሽ ቀን ፈጀበት።
ላግዘው ስዘረጋ፣ እንጉዳይ እጄን መታች፦
«ተወው ይልፋ፤ ያልለፋ እግር አይቆምም» አለች።

ወጣ። ጀርባው ጃርት፣ አንገቱ ነብር፣ እግሩ ባለሁለት ጣት፤
ክንፍ የሚሉት ነገርም አለው፣ ለስሙ ያህል የተሰጠው ዕጣት።

የሲሚንቶው ወለል አዳለጠው፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተበረገዱ፤
ጆንያ አነጠፍን፣ በጨርቅ አሰርናቸው፣ እንዳይካካዱ።
ሦስት ቀን አልበላም፤ በሆዱ የቀረው አስኳል ስንቁ ነበር፤
በአራተኛው የቆርቆሮ ብጣሽ ሊውጥ ሲል፣ ቀሃ ወንዝ ሮጥኩ ለጠጠር።
አዛናው በስልክ፦ «የአባቱን ኩስ ካልለቀመ ሆዱ አይጠናም» ቢለኝ፣
በላስቲክ አስልኬ አበላሁት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ።

አንድ ቀን ጭልፊት ስትዞር፣ ጥላዋ ግቢውን ሲነካ፣
ማንም ሳያስተምረው መሬት ላይ ተለጥፎ ድንጋይ ሆነ፤
ፍርሃት በደም ይወረሳል ለካ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሌሊቱን ሙሉ ደበደበው።
ሲያስነጥስ ሰማሁት።
ቀን ቀን ተረከዜን ይከተላል፣ ስቆም ይቆማል፤
«እኔን አባት ካለ» አልኩ፣ «ነገ ቀበሮንም አባት ይላል።»
እንጉዳይ መልስ አልሰጠችም፤ ጆንያውን አራግፋ አጠፈችው።

በአይከል ብርዱ ቀረ፤ በሸኸዲ ወበቁ ተቀበለን፤
ከቋራ በረሃ ዳር፣ አንድ ጥቁር ወንድ ሰጎን
አሥራ አራት አስከትሎ አየን።
«እሱ ልጅ አይቆጥርም» አለ አዛናው፣ «የባዳም ቢቀላቀል ይነዳል።»
ጆንያውን ፈታሁ።
ዞሮ አላየኝም ብል ውሸት ነው፤ አንዴ አየኝ።
ከዚያ ሮጠ፣ ያ ታስሮ የነበረ እግር።

አሥራ አምስት ሆኑ።
ስንቱ ለመስከረም እንደሚደርስ አላውቅም፤
ዝናብ አለ፣ ቀበሮ አለ፤ አዛናውም አያውቅም።

ስድስቱ ከመስቀሉ ላይ ነጭ ሆነው ሲውሉ፣
ሰባተኛው ሹል ባዶውን ቆሟል።
መሪጌታ ከታች ቀና ብለው «አንዱስ የት ገባ?» ቢሉ፣
መሰላሉን እንደያዝኩ፣ ዓይኔን ከምዕራብ ሳላነሣ፣
«በእግሩ ሄደ» አልኳቸው።